ግቡ ያልኩ ቀን

ያስከፈለኝን አስቀድሜ ልንገርህ፣ በኋላ ደምሴ አጋነነ እንዳትለኝ፤ አንድ የዋንዛ በር፣ ዘጠኝ ባለሦስት እግር በርጩማ፣ ሆዳቸው የተነፋ ሰባት ጊታሮች፣ እና ከእንግዲህ ሰላምታዬን በአገጫቸው ብቻ የሚመልሱልኝ አንድ ሽማግሌ አናጺ። ሌላም ኪሳራ አለው፣ እሱን ግን ደረሰኝ የሚቆርጥልኝ ስላጣሁ ትቼዋለሁ።

ደግሞ ስማኝ፣ እኔ እንዲህ ያለ ነገር አላምንም። ያደግሁት ጅማ መናኸሪያ ነው፣ ማስቲካ ከማዞር ጀምሬ፣ እዚያ ያደገ ሰው መንገድ ላይ ጂን ቢያገኝ መጀመሪያ የሚጠይቀው ወዴት እንደሚሄድና ዕቃ መያዝ አለመያዙን ነው። ለአዋቂ ነኝ ባይ ብር ሰጥቼ የማውቀው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፣ እሱም ዝርዝር ቸግሮት። እናቴ «ስምህን አንዴ ብቻ የጠራህን አቤት አትበል፣ ሦስተኛውን ጠብቅ» እያለች ነው ያሳደገችኝ፣ ግን እኔ ነጋዴ ነኝ፣ ሦስተኛውን ስጠብቅ ደንበኛው ጎረቤት ገብቶ ይገዛል።

ሱቄ እዚያው ጅማ፣ መንደራ ቆጪ ሰፈር ነው። ድምፅ ማጉያ፣ ማይክ፣ ሽቦ እሸጣለሁ፣ እንጀራዬ ግን ጊታር ነው፣ ገዢዎቼም ከሆሳዕና፣ ከወላይታ መጥተው በቡናው ከተሞች የሰፈሩት ወንጌላውያን ናቸው፣ ከአጋሮ እስከ ሰኮሩ ቸርች ባለበት መዘምራን አሉ፣ መዘምራን ባሉበት ደግሞ ጊታር አለ። ጥሩ ደንበኞች ናቸው፣ ዋጋ ሲያስቀንሱህ እንኳ እየባረኩህ ነው።

ችግሩ ጊታሩ ነው። ከአዲስ አበባ ሲመጣ ያብረቀርቃል፣ ሙሽራ ነው፣ ከዚያ የጅማ ክረምት ያገኘዋል። ደረቅ አገር የተሠራ እንጨት ነውና እርጥበቱን እንደ ስፖንጅ ይጠጣል፣ ሆዱ ይነፋል፣ ክሩ የታሰረበት እንጨት ኮላው ለቆት ብድግ ይላል፣ ክሩም ከአንገቱ ይርቅና የተጫዋቹ ጣት እስኪደማ ቢጫነው አይነካለትም፤ በጋ ሲመጣ ደግሞ የጠጣውን ሁሉ ተፍቶ ይኮማተርና ፊቱ ከቀዳዳው እስከ ታች ቀጥ ብሎ ይሰነጠቃል። ከዚያ ወዴት ይመጣል? ወደ እኔ። ፋብሪካው ቻይና ነው፣ አከፋፋዩ ስልክ አያነሳም፣ ደምሴ ግን እዚሁ ነው።

ማርቆስ የሚባል የሰኮሩ መዘምራን መሪ አለ፣ ቀጭን፣ ትሑት፣ ምላሱ ግን ምላጭ። ሦስተኛውን የተሰነጠቀ ጊታር ይዞ መጣና ሰው በሞላበት፣ «ጋሽ ደምሴ፣ እንደው ለእውቀት ያህል፣ አንተ የምትሸጥልን ጊታር ነው ወይስ ስንጥቅ?» አለኝ። ሰው ሳቀ። እኔም ለይምሰል ሳቅሁ፣ ያ ሳቅ ነው የጎዳኝ፣ ምክንያቱም በሳምንቱ ስሜ ደምሴ ስንጥቅ ሆነ፣ ጭራሽ የባጃጁ ተሳፋሪ በሱቄ በር ሲደርስ «ስንጥቅ ጋ ወራጅ አለ» ይል ጀመር። ለነጋዴ ስም ማለት ምን እንደሆነ ላንተ አልነግርህም። ዕቃ ይጠፋል፣ ይተካል። ስምህን ባጃጅ ከወሰደው ግን ማን ይመልስልሃል?

ተናድጄ ሰቶ ሰመሮ ሰፈር፣ አባ ቢያ ዘንድ ሄድኩ። አባ ቢያ አናጺ ናቸው፣ የጅማ በርጩማ ሲጠርቡ ዕድሜያቸውን የፈጁ፣ እጃቸው ከመላጊያው የማይለይ ሰውዬ። የተሰነጠቀውን ጊታር ሰጠኋቸው፣ በቀዳዳው ባትሪ አብርተው እንደ ሐኪም አዩት፣ በጣታቸው አጥንት ፊቱን ኳ ኳ አድርገው ጆሯቸውን አስጠጉ።

«ይሄ እንጨት አልሰማም» አሉኝ።

«ምኑን?»

«ክረምቱን። እንጨት የሚኖርበት አገር ተቀምጦ ሁለት ክረምት መስማት አለበት፣ ይጠጣል፣ ይተፋል፣ ይጠጣል፣ ይተፋል፣ ከዚያ ይጠግባል። ያልሰማ እንጨት አይናገርም፣ ይጮሃል እንጂ። ኮላም ቢሆን ዝም ተብሎ አይቀባም።» ከመስኮቱ ሥር ያለች ትንሽ ሳህን አሳዩኝ፣ ውስጧ አንድ ጭብጥ ጨው። «ጠዋት ይህንን አያለሁ። ጨው እርጥበት ስቦ ካለቀሰ ያን ቀን ኮላ አልነካም፣ እንጨቱ አየሩን ውስጡ ይዞ ይጣበቅና በኋላ ይጣላሃል።»

እውነቱን ለመናገር የጨዉን ነገር ወደድኩት፣ በማግስቱ እኔም ባንኮኒዬ ላይ አንድ ሳህን አስቀመጥኩ፣ ለደንበኛ የምታወራው ነገር ሲኖርህ ጥሩ ነው። ሁለት ክረምት የሚለው ግን አናደደኝ። እኔ ሁለት ሳምንት የለኝም።

በዚያው ሰሞን ሂርማታ ገበያ አካባቢ መንገድ ሊሰፋ አንድ የድሮ ነጋዴ ቤት ፈረሰ፣ ሰው ከወጣበት ብዙ ዘመኑ ነው፣ በሩ ግን አንድ ወጥ ዋንዛ ነበር፣ የእኔን ቁመት የሚያህል ሁለት ክንፍ፣ ምስጥ ያልደፈረው። ከአፍራሾቹ በማገዶ ዋጋ ገዛሁትና በጋሪ አስጭኜ፣ ጊታር እንዲሠሩልኝ፣ አባ ቢያ ግቢ አወረድኩት፣ በብልጠቴም ኮራሁ።

አዩት። ዞሩት። አልነኩትም።

«ኩን ባልበላ ዳ፣ ሙካ ሚቲ» አሉ፤ ኦሮምኛዬ እንደጠፋብኝ ቆጥረው በአማርኛ ደገሙልኝ፤ «ይሄ በር ነው፣ እንጨት አይደለም።»

«ሲፈርስ እንጨት ይሆናላ።»

«ደምሴ፣ ይህን በር ያቆምነው እኔና ሙያ ያስተማረኝ ጌታዬ ነን፣ እጄ ገና ሲማር። ባለቤቱ ከሄደ በኋላ እንኳ መሄዱን ያልሰማ ከገጠር እየመጣ ያንኳኳው ነበር፣ ሲመሽ ይሄዳል፣ በማግስቱ ሌላው ይመጣል። የሚያንኳኳ እንጂ የሚከፍት አልነበረውም። ይህን ለዘፈን ልታደርገው ነው?»

«ለመዝሙር ነው» አልኳቸው። «ደግሞ የራስዎን ቃል ነው የያዝኩት፣ ሁለት ክረምት ይስማ አላሉም? ይሄ ስልሳ ሰምቷል። ካልሠሩልኝ አጋሮ ያለው አናጺ ይሠራልኛል፣ በምስማር ይመታዋል፣ ያኔ ይፈርዱብኛል።»

በቃላቸው አሰርኳቸው፣ በሙያቸው አስፈራራኋቸው፣ ይህን ዛሬ ስናገር ያሳፍረኛል፣ ያን ቀን ግን ጥሩ ንግድ መስሎኝ ነበር። አንዱን ክንፍ ብቻ ሠሩት፣ ጨዉ ባላለቀሰባቸው ቀናት ብቻ ኮላ እየቀቡ፣ ጀርባውን ትንሽ ወጣ አድርገው እርጥበት ሲመጣ መተንፈሻ እንዲኖረው፣ የውስጡንም ድጋፎች እንደ ጎድን አጥንት አቅጥነው። ሰኔ ሲጀመር አስረከቡኝ። ጥቁር ቡኒ፣ ምንም የማያብረቀርቅ፣ ስታነሳው ቀላል።

«አንድ ነገር» አሉኝ፣ ጊታሩን ሳይለቁት። «ካንኳኳ ዝም በል።»

«ማን?»

«ወላሂ አልቀልድም። በርን ሣጥን ብታደርገው ሥራውን አይረሳም። ካንኳኳ ዝም በል፣ ይተዋል።»

እሺ አልኩ፣ ሽማግሌ አይከራከሩትም፣ ወስጄም ከባንኮኒዬ ጀርባ ግድግዳው ላይ በምስማር ሰቀልኩት።

አሁን ወደ ነገሩ እንምጣ። ሐምሌ ነው፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ፣ በቀን ብርሃን ነው እልሃለሁ፣ ጨለማ አሳሳተህ እንዳትለኝ። ዝናቡ ቆርቆሮውን እየቀጠቀጠ ነው፣ መብራት ሄዷል፣ መንገዱ ላይ ሰው የለም፣ እኔ ያልተመለሰ የማይክ ብዛት ስደምር ራሴ ላይ ተናድጃለሁ። ኳ፣ ኳ፣ ኳ። ቀስ ያለ፣ የጨዋ ሰው ማንኳኳት፣ በጣት አጥንት። እኔም ቀና ሳልል፣ እንደማንኛውም ቀን፣ እንደማንኛውም ነጋዴ፣ «ግቡ፣ ግቡ፣ ቤቱ የናንተው ነው» አልኩ።

ከዚያ ማጠፊያ ሲጮህ ሰማሁ። ዘይት ያላየ፣ የቆየ፣ ትልቅ በር ሲከፈት የሚያሰማውን ታውቀዋለህ። የኔ ሱቅ በር ወደ ላይ የሚጠቀለል ቆርቆሮ ነው፣ ማጠፊያ የለውም፣ እሱም ተከፍቶ ነው የዋለው። ቀዝቃዛ አየር ማጅራቴን ነካኝ፣ ከውጭ አይደለም፣ ከግድግዳው በኩል፣ ባንኮኒው ላይ ያለው የደረሰኝ ጥራዝ ቅጠሉ ወደ መንገዱ ተገለጠ፣ የረጠበ ጋቢ ሸተተኝ። ዞርኩ። ጊታሩ ምስማሩ ላይ ነው፣ ክሩ አልተንቀሳቀሰም፣ ንፋሱ ግን ከቀዳዳው እየወጣ ነው፣ እጄን ዘርግቼበታለሁ፣ እመነኝ።

ከዚያ ለደንበኛ ያስቀመጥኳት በርጩማ ሲጥ አለች፣ ዳገት የወጣ ሰው እህ ብሎ ሲቀመጥባት እንደምትለው። ቀጥሎ የድምፅ ማጉያው ካርቶን ክዳን ቀስ ብሎ ወደ ውስጥ ጎበጠ። ቀጥሎ ሁለተኛው። ቀጥሎ ሦስተኛው።

ፈራሁ ብልህ ያምርብኝ ነበር፣ ግን ንዴቴ ቀደመኝ፣ የካርቶኑ ዕቃ ገና ያልተከፈለ ነው። «ካርቶኑ ላይ አትቀመጡ» አልኩ ድምፄን ከፍ አድርጌ፣ ለባዶ ሱቅ። «የምትገዙ ግዙ፣ ዝናብ የምትጠለሉ ደግሞ ጥግ ይዛችሁ ቁሙ፣ ዕቃዬን አታበላሹ።»

ሦስቱም ካርቶኖች ቀስ ብለው ቀና አሉ።

ያስፈራኝ ያ ነው። መቀመጣቸው አይደለም፣ መታዘዛቸው።

በዚህ መሀል ማርቆስ ከሰኮሩ ለዕቃ መጥቶ ኖሮ ጃንጥላውን እያራገፈ ደረሰ፣ ደፉ ላይ ሲደርስ ግን ቆመ፣ ድምፁንም ዝቅ አደረገ።

«ጋሼ፣ ይቅርታ፣ እንግዳ አለብህ ለካ። ለቅሶ ነው እንዴ?»

«ምን ለቅሶ? ግባ፣ ማንም የለም።»

በጎን በጎን እየሄደ ገባ፣ እንደ ሞላ ታክሲ ውስጥ ትከሻውን አጥብቦ፣ «ይቅርታ፣ ይቅርታ» እያለ፤ በርጩማዋን በእጄ ሳሳየው «ኧረ አይነሱ፣ ይቀመጡ» አለ፣ ለእኔ ሳይሆን ለበርጩማዋ። የሚያፌዝብኝ መሰለኝ፣ ስንጥቅ ያለኝ ሰው ነውና። ልሰድበው አፌን ስከፍት ዓይኑ ግድግዳው ላይ አረፈ።

«ያቺ ምንድን ናት?»

አውርጄ ሰጠሁት። ቃኘው፣ አንድ ጊዜ መታው፣ ዝናቡ እንኳ ያፈረ መሰለኝ። ወዳጄ፣ በሕይወቴ ስንት ጊታር ሸጫለሁ፣ እንደዚያ ያለ ድምፅ ሰምቼ አላውቅም፣ ከሣጥን የሚወጣ አይመስልም፣ ከወዲያ ማዶ ክፍል የሚመጣ ነው የሚመስለው።

«ጋሼ፣ ይሄ ስንጥቅ አይደለም» አለ ማርቆስ።

ወዲያው ሸጥኩለት። ሁለት ምክንያት ነበረኝ፣ አንደኛው ስሜ ነው፣ ሁለተኛው፣ ይህ ነገር በጊታሩ ከመጣ ከጊታሩ ጋር ይሂድልኝ ብዬ ነው። የመናኸሪያ ሒሳብ ነው፣ ተሳፋሪ ከመኪናው ጋር ይሄዳል። ማርቆስ ጊታሩን በፌስታል ጠቅልሎ ሲወጣ ከኋላዬ ብዙ ሰው በአንዴ ብድግ ሲል የሚሰማው ዓይነት ድምፅ ሰማሁ፣ ልብስ ሲንሿሿ፣ ወለል ሲንቋቋ። የተሳፈረበት ባጃጅ ሄደ። ከዚያ አንድ በአንድ ተመልሰው ተቀመጡ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰው ሱቄ አይገባም። መጥቶ ደፉ ላይ ይቆምና ወደ ውስጥ አይቶ፣ «ሞልቷል፣ ቆይቼ ልምጣ» ብሎ ይሄዳል። እኔ ባዶ ሱቅ ውስጥ ቆሜ «ኧረ ግባ» እላለሁ፣ እሱ «አይ፣ አስተናግዳቸው» ይለኛል። አንዷን ደንበኛዬን እጇን ይዤ «እስኪ ምን ዓይነት ሰዎች ናቸው?» አልኳት፣ «እኔ ጀርባቸውን ነው ያየሁት፣ ሁሉም ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረዋል» አለችኝ፣ አገጯንም ወደ ባዶው ምስማር አመለከተች። ይህ ሁሉ ሲሆን ካርቶኖቼ እየጎበጡ ነው። አንዴ ሰምተውኝ ነበር፣ ቀን ሲረዝም ግን ማን ቆሞ ይውላል፣ ስለዚህ በርጩማ ገዛሁላቸው፣ ሦስት፣ ከዚያ ሦስት፣ ከዚያም ሦስት። አትሳቅ። አንተ ብትሆን ድምፅ ማጉያህ ላይ ታስቀምጣቸው ነበር?

በመጨረሻ አባ ቢያ ዘንድ ሄጄ አፈረጥኩት። መላጊያቸውን ሳያቆሙ ሰሙኝ።

«ምን ብለህ መለስክ?»

«እንደማንኛውም ነጋዴ፣ ግቡ አልኳ።»

መላጊያው ቆመ። «ግባ ነው ያልከው፣ ግቡ?»

«ግቡ።»

«ሴኒ አላልክም? ሴና ነው ያልከው?» በኦሮምኛ ደግሞ ጠየቁኝ፣ ሴኒ ለአንድ ሰው ነው፣ ሴና ለብዙ፣ በአንደኛው ቋንቋ ቁጥሩ ያንስ እንደሆነ ብለው ነው መሰለኝ።

«አባ ቢያ፣ ለነጋዴ ሁሉም ሰው ግቡ ነው፣ ማክበሬ ነው።»

«ማክበር ይግቡ ነው። ግቡ ብዛት ነው። ያንኳኳው አንድ ሰው ነበር፣ ግባ ብትለው አንድ ሰው ይገባል፣ ጠጥቶ በልቶ ይሄዳል። አንተ ግን የተሰለፈውን ሁሉ ጠራኸው። ቤቱ የናንተው ነውም አልክ?»

«ለወጉ ነው ያልኩት።»

«እነሱም ወግ ያውቃሉ፣ ስለዚህ ገቡ።»

«እሺ፣ በምን ይውጡልኝ?»

«በገቡበት ነዋ። በሩ የት አለ?»

«ሰኮሩ።»

 በቀረው የበሩ ክንፍ ሌላ ጊታር ይሥሩልኝ አልኳቸው፣ ክንፉ ግቢያቸው ውስጥ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ቆሟል፣ ድንጋይ አስደግፈውበታል። «ከዚያኛው በኩል አሁን ማን እንደቆመ ታውቃለህ?» አሉኝና ወደ መላጊያቸው ተመለሱ፣ ይኸው እስከ ዛሬ ለእኔ አንድ ሙሉ ቃል አልወጣቸውም።

ጥቅምት ላይ አንድ እሑድ ሰኮሩ ሄድኩ። ዘዴዬ ቀላል ነበር፣ ጊታሩ ውስጡ ስንጥቅ አለው፣ አሁን አይታይም እንጂ በበጋው ይከፈታል፣ ልውሰደውና ሁለት አዲስ ልተካላችሁ እላለሁ። ውሸት ነው፣ ግን የከፋ ዋሽቼ አውቃለሁ። ቸርቹ ገና አልሞላም፣ ጊታሩ ወንበር ላይ ተጋድሟል፣ ውጭው ጠራራ ፀሐይ ነው፣ ማንም ሳያየኝ ጎንበስ ብዬ ፊቱን በጣቴ አንኳኳሁት፣ ሦስት ጊዜ፣ ቀስ ብዬ፣ ጆሮዬንም ቀዳዳው ላይ አደረግሁ።

ዝናብ ሰማሁ። ቆርቆሮ ላይ የሚወርድ። ከሱ ሥር በርጩማ ሲጎተት፣ አንድ፣ ሌላ፣ ሌላ፣ ሰው ለመሄድ ሲነሳ ዕቃውን ሲሰበስብ ያለው ዓይነት ኳኳታ፣ አንድ ሰውም ሳለ። የሱቄ ድምፅ ነው። ወደ እኔ እየቀረበ መጣ።

«ጋሽ ደምሴ» አለ ማርቆስ ከኋላዬ። ትከሻዬን አቅፎ ወደ መዘምራኑ አዞረኝ፣ ጊታሩን በሌላ እጁ አንስቶ። «ወንድሞች፣ እህቶች፣ ይህን ጊታር ያሠራልን እሱ ነው፣ ክረምቱን በሙሉ ክሩ አልተነሳም፣ ፊቱ አልተከፈተም። ስንጥቅ ብዬ ስሙን ያጠፋሁት እኔ ነኝ፣ በሁላችሁ ፊት ይቅርታ እጠይቀዋለሁ። በል ጋሼ፣ አንድ ቃል።»

ጊታሩን ለማስመለስ አንድ ቃል ነው የሚያስፈልገው፣ ታውቃለህ፣ እሱኑ ቃል። ስንጥቅ። በገዛ አፌ። ሰው ሁሉ እያየኝ ነው፣ አጨበጨቡልኝ፣ አንዲት ትልቅ ሴት እልል አሉ። ለወራት ባጃጅ ላይ የተሳፈረው ስሜ ወርዶ እግሬ ሥር ቆሟል። ከጊታሩ ቀዳዳ ቀዝቃዛ አየር እጄን እየነካኝ ነው።

«እግዚአብሔር ያክብርልኝ» አልኩና ተቀመጥኩ።

ማርቆስ መታው። ዘመሩ። ሌላ ድምፅ ካለም በመዝሙሩ ተሸፈነ። በማን እንደተናደድኩ ብትጠይቀኝ፣ በአናጺው አይደለም፣ በማርቆስም አይደለም፣ በነሱም አይደለም፣ እነሱ የተጠሩ ናቸው።

ይኸው ጥር ነው። ጅማ ደርቃለች፣ አቧራ ነው፣ የጎረቤቴ ጨው እንደ አሸዋ ይፈሳል፣ የአባ ቢያም ጨው ደረቅ እንደሆነ ሰምቻለሁ። የኔ ሳህን ውኃ ሞልቷል። ግድግዳዬ ያልበዋል፣ ብዙ ሰው ሲተነፍስበት እንደሚውል ክፍል፣ የሰቀልኳቸው ሰባት አዳዲስ ጊታሮችም በበጋ አንድ በአንድ ሆዳቸው ተነፍቶ ክራቸው ተነሳ። ባዶውን ምስማር ልነቅለው መዶሻ አንስቼ ነበር፣ በርጩማዎቹ ሁሉ በአንዴ ሲጥ ሲሉ መልሼ አስቀመጥኩት። ከውጭ ተሳፋሪው «ደምሴ ጋ ወራጅ አለ» ሲል ይሰማኛል፣ ስሜ ንጹሕ ነው፣ ሰውየው ወርዶ ይመጣል፣ ደፉ ላይ ይቆማል፣ ወደ ውስጥ ያያል፣ ቆይቼ እመለሳለሁ ይላል።

ዛሬ ጠዋት ሒሳብ ዘጋሁ። ገቢ፣ ቁጥሩ ያልታወቀ። ወጪ፣ የለም።